አረንጓዴው ለምን ተለያየ?

ባለፈው ሳምንት አንድ ቢሮ ውስጥ የቆየ የኔትወርክ ኬብል ልቀይር ኮርኒስ ውስጥ ጭንቅላቴን ከትቼ፣ የስንት ዓመት አቧራ ውጬ፣ የኬብሉን ጫፍ ጎትቼ ሳወጣው የቀለሞቹን አደራደር አየሁና ብቻዬን ሳቅ ያዘኝ። ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ሁለት ሁለት ሆነው እንደ ተማሪ ሰልፍ ተደርድረዋል። መሰላሉን የያዘልኝ ልጅ ከታች "ምንድነው?" ይለኛል፣ እኔ ዝም። ታሪኩ ረጅም ነው፣ መሰላል ተይዞ የሚሰማ አይደለም። ማታ ቤት ገብቼም አልለቀቀኝም፣ ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ቴክኒክና ሙያ እንዴት እንደገባሁ አላወራም። ያኔ 10ኛ ክፍል ተፈትኖ ፕሪፓራቶሪ ያልመጣለት ልጅ ቤት ውስጥ ምን ይሰማ እንደነበር ሁሉም ያውቀዋል፣ ጎረቤት መጥታ "አይ ምን ችግር አለው፣ ሙያም እኮ ጥሩ ነው" የምትላትን ጨምሮ፣ ድምጿ ልክ ለቅሶ ልትደርስ የመጣች ይመስል ነበር። በቃ ገባሁ። ደሴ፣ ሃርድዌር ኤንድ ኔትወርክ ሰርቪሲንግ፣ ሌቭል 3። ዓመቱ 2006።

በከለር እርሳስ የተሰራ ኔትወርክ

ክፍል ውስጥ 34 ነበርን፣ ክሪምፐር የሚባለው የኬብል ጫፍ መንከሻ መሳሪያ ሁለት፣ አንደኛው ጥርሱ የተሸረፈ። አርጄ 45 የምትባለዋ የኬብል ጫፍ ደግሞ ጸባይዋ ክፉ ነው፣ አንዴ ክሪምፐር ከነከሳት አለቀ፣ ተሳስቼ ነው ብለህ ነቅለህ መልሰህ አትጠቀምባትም። ስለዚህ ቲቸራችን ኮኔክተር የሚያድለን እንደ ቀበሌ ስኳር ቆጥሮ ነው፣ ለአንድ ግሩፕ ሁለት፣ የአንድ ኬብል ሁለት ጫፍ ማለት ነው፣ ግሩፑ ውስጥ ደግሞ ስድስት ሰባት ልጅ አለ፣ አንዱ ይነክሳል የቀረነው አንገታችንን አስግገን እናያለን። ታዲያ የት ተለማመዳችሁ ካላችሁኝ ደብተር ላይ። እውነቴን ነው። ስምንት መስመር አስምረን በከለር እርሳስ እንቀባ ነበር። እኔ ብርቱካናማ ስላልነበረኝ በቀይ ነው የቀባሁት፣ እስካሁን ስቸኩል ብርቱካኑን "ቀዩ" እለዋለሁ።

አደራደሩን ግን እንደ ዜማ ነው የያዝነው። ነጭ ብርቱካን ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ ቡኒ። ቲ568ቢ ይባላል፣ የሙያው ሰዎች ታውቁታላችሁ፣ የማታውቁት ደግሞ ስሙ አያስፈልጋችሁም፣ ቅደም ተከተሉን ብቻ አንዴ ተመልሳችሁ እዩት። ብርቱካኑ ከነጭ ብርቱካኑ ጋር ጎን ለጎን ነው። ሰማያዊውም ከነጩ ጋር ነው። ቡኒውም። አረንጓዴው ብቻ ነጩ 3ኛ ላይ ቀርቶ እሱ 6ኛ ላይ ሄዷል፣ መሃላቸው ሰማያዊዎቹ ተደንቅረዋል።

ይሄን ያየችው አንዲት ልጅ ናት። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ብዙም የማታወራ። እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ አረንጓዴው ለምን ተለያየ?" አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ "ተፋተው ነዋ!" ብሎ ጮኸ፣ እንደገና ሳቅ። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። ቲቸርም ፈገግ ብሎ "ስታንዳርድ ነው፣ ዝም ብለሽ ያዢው" አላት። ያዘችው። ሁላችንም ያዝነው።

በቲቸር አልፈርድበትም። ሶስት ሴክሽን ነበረው፣ ከላይ የወረደለት ቲቲኤልኤም የሚባል የማስተማሪያ ማቴሪያል እዚህ ያክል የሚወፍር፣ በስንት ሰዓት ይጠናቀቅ የተባለ ነገር ነው፣ በዛ ላይ መብራት ጠፍቶ የባከነውን ቀን ማካካስ አለበት። "ለምን" የሚል ገጽ ደግሞ ማቴሪያሉ ላይ አልነበረም። እሱም በጊዜው ተማሪ ሆኖ "ዝም ብለህ ያዘው" ተብሎ ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

"ኤሌክትሪክ ቀለም ያያል እንዴ?"

ለአፓረንትሺፕ፣ ለስራ ላይ ልምምድ ማለት ነው፣ አንድ የመንግስት መስሪያ ቤት ተመደብኩ፣ ስሙ ይቅር። ክረምት ነበር፣ የጦሳ ተራራ ጉም እስከ ግቢው ድረስ ይወርዳል፣ ጠዋት ጠዋት ከአንዱ ብሎክ ሆነህ ሌላው ብሎክ አይታይህም። አይሲቲ የሚባለው ክፍል ውስጥ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ለሁለት ወር አለቃዬ እሱ ሆነ። ሰውዬውን ወድጄው ነበር። እጁ ፈጣን ነው፣ ዊንዶውስ 7 እየጫነ ስልክ እያወራ ፕሪንተር ይፈታል። ራም አውጥቶ በላጲስ ፈግፍጎ ሲመልሳት የሞተ ኮምፒውተር ሲነሳ አይቻለሁ፣ መጀመሪያ ቀን ያየሁት ይሄንን ስለነበረ ከዛ በኋላ የሚለኝን ሁሉ አምነዋለሁ።

ስራው እንዲህ ነው። ፋይናንስ ዋናው ብሎክ ላይ ነው፣ ንብረት ክፍል ከግቢው ጀርባ። ፋይል የሚመላለሰው በፍላሽ ነው፣ ፍላሿ በገባች ቁጥር ቫይረስ ይዛ እየመጣች ፋይሉን ሁሉ ሾርትከት ታደርገዋለች፣ ያንን ዘመን ታስታውሳላችሁ። እና ኬብል ይዘርጋ ተባለ። ባለ 305 ሜትር ካርቶን ተገዛ፣ እኔና አለቃዬ ሁለት ቀን ኮርኒስ ለኮርኒስ ስንሳብ ውለን ወደ 70 ሜትር ግድም ዘረጋን። መቶ ሜትር ስላላለፈ ችግር የለውም፣ ይሄንንም ከደብተሬ አውቀዋለሁ።

ጫፉን እኔ እንድነክስ ሰጠኝ። ለእኔ ይሄ ትንሽ ነገር አልነበረም፣ ከሁለት ዓመት ስልጠና ክሪምፐር በእጄ የያዝኩበት ቀን በጣት ይቆጠራል። ልጣጩን ገፍፌ፣ የተጠማዘዙትን ፈትቼ፣ በአፌ ዜማዬን እያልጎመጎምኩ ስደረድር ከላይ ሆኖ ያየኛል።

"ምን ታንዛዛለህ?"

"አደራደሩን እያስተካከልኩ ነው።"

"በተራ ደርድረዋ። ወዲያም ወዲህም አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ ከለሩ ምን አገባው?"

"ስታንዳርድ ነው" አልኩት።

ሳቀ። ያ የክፍላችን ሳቅ ነው፣ አሁን ግን እኔ ላይ። "ኤሌክትሪክ ቀለም ያያል እንዴ?" አለኝ።

እዚህ ጋ ልቁም፣ ምክንያቱም ለስንት ዓመት የሚከነክነኝ ይሄ ሰዓት ነው። ትክክለኛው መልስ እኮ እጄ ላይ ነበር፣ ቃል በቃል እጄ ላይ፣ ስምንቱም ሽቦ በቦታው ተደርድሮ በሁለት ጣቴ ይዤዋለሁ። አፌ ላይ ግን ምንም የለም። "ስታንዳርድ ነው" ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣ ዓረፍተ ነገር አልተሰጠኝም። ደግሞ ሰውዬው ያለው ነገር ስሜት ይሰጣል! መዳብ መዳብ ነው፣ ቀለሙ ፕላስቲኩ ላይ ነው፣ ኤሌክትሪክ እውነትም ቀለም አያይም። እና አረንጓዴውን ከ6ኛ ቦታ ነቅዬ አምጥቼ ከነጩ ጎን አስገባሁት። የተፋቱትን አስታረቅናቸው ማለት ነው። በዛኛው ጫፍም እንደዛው።

የኬብል መሞከሪያውን ቴስተር ሰካን። 1፣ 2፣ 3፣ 4... እስከ 8 አረንጓዴ መብራቷ እየተከታተለች በራች፣ በሁለቱም ወገን። "አየህ?" አለኝ። አየሁ።

ሶስት ቀን

የሆነውን የሙያው ሰው ገምቶታል። ኬብሎቹ የሚገናኙበት ስዊች ላይ መብራቷ ትበራለች። ፒንግ ስናደርግ፣ ያኛውን ኮምፒውተር አለህ ወይ ብለን ስንጠይቀው ማለት ነው፣ ይመልሳል፣ አልፎ አልፎ አንድ ይዘላል እንጂ ይመልሳል። ፋይል ልክፈት ስትል ግን ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ከዛ ይቋረጣል። የንብረት ክፍሏ እትዬ ነጠላቸውን እያስተካከሉ "ኧረ ልጆች ፍላሼን መልሱልኝ" ማለት ጀመሩ።

አለቃዬ ስዊቹን ፖርት ቀየረ። ስዊቹን ራሱ ቀየረ። ኔትወርክ ካርዱ ነው ብሎ ካርድ ቀየረ። አይፒ ተጋጭቶ ነው ብሎ አይፒ ቀየረ። በመጨረሻ እኛ ሀገር ሁሉም ቴክኒሻን የሚደርስባት ቦታ ደረሰና "ፎርማት ይደረግ" አለ። ያደረግኩት እኔ ነኝ። ዲ ድራይቭ ላይ ያለውን አስቀርቼ ሲ ድራይቭን ፎርማት አደረግኩት፣ እትዬ ግን የልጃቸውን የምርቃት ፎቶ ዴስክቶፕ ላይ ነበር ያስቀመጡት። ዴስክቶፕ ሲ ውስጥ እንደሆነ እሳቸው በምን ያውቃሉ፣ እኔ ነበርኩ ማወቅ የነበረብኝ፣ ማወቅስ አውቃለሁ፣ አልጠየቅኩም። ሲነገራቸው አልተቆጡኝም። "አብሽር፣ ስቱዲዮው ጋ ይኖራል" አሉኝ። ስቱዲዮው ጋ ይኑር አይኑር እስከዛሬ አላውቅም፣ ለመጠየቅም አፍሬ ቀረሁ።

በአራተኛው ቀን አለቃዬ ስብሰባ ገባ። ብቻዬን ነበርኩ። ምን እንደገፋፋኝ ስታውሰው እውቀት አይደለም፣ ተስፋ መቁረጥና ትንሽ እልህ ነው። ሁለቱንም ጫፍ ቆረጥኩና በዜማው መሰረት ነከስኩት፣ አረንጓዴውን 6ኛ ላይ መለስኩት። ቴስተሩ ልክ እንደበፊቱ ከ1 እስከ 8 በራ፣ ምንም ልዩነት የለውም። ከዛ ፋይሉን ስከፍተው ተከፈተ። በቃ ተከፈተ። ትልቁን የፔሮል ፎልደር ኮፒ አደረግኩት፣ ሽው ብሎ አለፈ።

አለቃዬ ሲመለስ "ምን አደረግከው?" አለኝ።

"ጫፉን ቀየርኩት።"

"ኮኔክተሩ ነበራ! የቻይና እቃ እኮ ነው" አለኝ።

እኔም "አዎ" አልኩ።

ይቺ "አዎ" ናት እንግዲህ። ለምን እንደሰራ አላውቅማ! ቀለሙን ነው የቀየርኩት ብዬ ብነግረው "እንዴት?" ይለኛል፣ እንደገና ያ ሳቅ ይመጣል። ስለዚህ ትክክል ሰርቼም ተሸነፍኩ፣ እሱም በሚቀጥለው ኬብል በተራ ደረደረ፣ እኔም አጠገቡ ቆሜ መሰላል ያዝኩ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል፣ እኛ ግን አረሙንም የቻይና ነው ብለን አለፍነው።

ከጥቂት ወር በኋላ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ተፈተንኩ። የጽሁፉ ላይ የቲ568ቢን አደራደር ምረጥ የሚል ነበረ፣ መረጥኩ። የተግባሩ ላይ አጭር ኬብል ሰራሁ፣ ቴስተሩ ላይ ከ1 እስከ 8 በራ። "ብቁ" ተባልኩ። ሰርተፍኬቱን እናቴ ሳሎን ሰቅላዋለች፣ አሁንም እዛው ነው ያለው።

ቴስተሩ የማይጠይቀው ነገር

ምክንያቱን ያወቅኩት ከሶስት ዓመት በኋላ ነው፣ አዲስ አበባ፣ መብራት በጠፋበት ማታ ስልኬ ላይ ሳነብ። ሌላ ነገር ፈልጌ ነበር የገባሁት። ግማሽ ገጽ ናት። ግማሽ ገጽ!

ኬብሉ ውስጥ ያሉት ስምንት ሽቦዎች ስምንት አይደሉም፣ አራት ጥንድ ናቸው። የተጠማዘዙት ለማማር ወይ ቦታ ለመቆጠብ አይደለም። በአንድ ጥንድ ውስጥ አንዱ ሽቦ ላይ የሚሄደው ምልክት በሌላኛው ላይ ተገልብጦ ይሄዳል፣ ተቀባዩ የሚያነበው የሁለቱን ልዩነት ነው። ከውጭ ወይም ከጎረቤት ጥንድ ረብሻ ሲመጣ ሁለቱ ተጠማዝዘው አንድ ላይ ስለሚሄዱ ሁለቱንም እኩል ይመታቸዋል፣ እኩል ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ሲሰላ ረብሻው ይጠፋል። ይሄንን ሃሳብ ግርሃም ቤል ለስልክ መስመር በ1881 እ.ኤ.አ ፓተንት አስወጥቶበታል፣ ኢንተርኔት የሚባል ነገር ከመታሰቡ በፊት።

አሁን የእኛን ኬብል እዩት። በ100 ሜጋቢቱ ኔትወርክ 1 እና 2 አንድ ጥንድ፣ 3 እና 6 ሌላ ጥንድ ሆነው ነው የሚሰሩት፣ አንዱ ይልካል አንዱ ይቀበላል። አረንጓዴው 6ኛ ላይ የሄደው ከነጩ ሊፋታ አይደለም፣ ከእሱ ጋር ሊገናኝ ነው እንጂ! የኤሌክትሪኩ ጥንድ እዛ ነው ያለው። እኛ በአይን አጠገብ ለአጠገብ ስናደርጋቸው ነው በእርግጥ ያፋታናቸው፣ ምክንያቱም 6ኛ ላይ ሰማያዊው ገባና ነጭ አረንጓዴው የማያውቀው ሽቦ ጋ ተጣመረ፣ ከሱ ጋር ያልተጠማዘዘ። ሰማያዊዎቹ ለምን መሃል ሆኑ ካላችሁ የስልክ ውርስ ነው፣ የስልክ መስመር የሚጠቀመው መሃለኛዎቹን ሁለት ስለሆነ እነሱ ለሱ ተተዉ፣ ሌላው ጥንድ ዳር ዳሩን ያዘ።

ቴስተሩስ? ቴስተሩ ባትሪና መብራት ነው። የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፣ ከዚህ የተላከው እዛ ደረሰ ወይስ አልደረሰም። ማን ከማን ጋር ተጠማዝዞ ደረሰ ብሎ አይጠይቅም። ሁለት ሜትር የጠረጴዛ ኬብል ብትሰሩ በተራ ደርድራችሁትም ብዙ ጊዜ ይሰራል። 70 ሜትር ላይ ነው ጉዱ የሚወጣው። ፒንጉም የመለሰልን በሁለት ምክንያት ነው መሰለኝ፣ ዊንዶውስ ዝም ብለህ ስትለቀው የሚልከው 32 ባይት ብቻ ነው፣ ትንሽ ነገር ሾልኮ ያልፋል። ያኔ ወደ 1400 ባይት አሳድጌው ቢሆን ኬብሉ እዛው ይናዘዝ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት እድል ነው።

እና ሁሌ ስለ ቴክኒክና ሙያ ሲወራ የምሰማው አንድ ነገር አለ፣ "ተግባር ይበዛ፣ 70 በመቶ ተግባር 30 በመቶ ንድፈ ሃሳብ ነው የተባለው፣ ተግባሩ የታለ?" የሚል። ልክ ነው፣ እኔም በከለር እርሳስ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ክሪምፐር ቢኖረን አልጠላም። ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው እኔን የጣለኝ የተግባር ማነስ አልነበረም። አለቃዬ እኮ ተግባር ነበረው፣ የነከሰው ኮኔክተር በሺህ ይቆጠራል፣ ሺውንም ጊዜ በተራ ደርድሮታል። ለ34ታችንም ለየብቻችን ክሪምፐር ቢሰጠን ኖሮ 34 አጭር ኬብል እንሰራ ነበር፣ 34ቱም ይበሩ ነበር፣ የልጅቷ ጥያቄም እዛው ክፍል ውስጥ ይቀር ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል ድሮ የሚታየኝ የቄስ ጥምጥም ነበር፣ አሁን የሚታየኝ ኬብል ነው።

ንድፈ ሃሳብ ስል ደግሞ ያንን ኔትወርክ የሚከፋፈልበትን ሰባት ሌየር፣ ሰባት ደረጃ ማለቴ አይደለም። እሱንማ በቃሌ ከላይ ወደ ታች ከታች ወደ ላይ እወጣው ነበር፣ ፊዚካል ዳታሊንክ ኔትወርክ ምናምን፣ እጄ ላይ ያለው ሽቦ ግን የትኛው ሌየር ላይ እንደሚያመኝ አልነገረኝም። እኔ የምለው እጅ የያዘውን ነገር የሚያስረዳ ግማሽ ገጽ ነው። ራሟን በላጲስ ስትፈገፍግ ምን ከምን ላይ እየለቀቀ እንደሆነ። የማዘርቦርዷ ባትሪ ስትሞት ሰዓቱ ወደኋላ ሄዶ ድረ ገጾች ሁሉ "ሴኪውር አይደለም" እያሉ የሚዘጉት ለምን እንደሆነ፣ እሷን ሳያውቅ ስንቱ ኮምፒውተር ፎርማት ተደርጓል መሰላችሁ፣ የስንት እትዬ ፎቶ ሄዷል።

የማዳም ቤት ዋይፋይ

ያቺ ልጅ አብራን ሌቭል 4 ጨርሳለች፣ እሷም "ብቁ" ተብላለች። ስራ ስትፈልግ ቆየች፣ ማስታወቂያ ሁሉ "የስራ ልምድ 2 ዓመት" ይላል፣ ከዛ ጅዳ ሄደች። በኢሞ አንዳንዴ በበዓል እንባባላለን እንጂ ስለ ስራ አውርተን አናውቅም፣ እኔም ምን ብዬ እንደማነሳው ግራ ይገባኛል።

ያን ኮርኒስ ውስጥ የገባሁ ማታ ድምፅ ላኩላት። ረጅም ነው፣ አምስት ደቂቃ ሳይሆን አይቀርም፣ ስለ ጥንዱ፣ ስለ 3 እና 6፣ ስለ ስልኩ ውርስ፣ ያኔ ስለሳቅኩባትም ይቅርታ ብያለሁ መጨረሻው ላይ።

በማግስቱ መለሰች። መጀመሪያ ዝም ብላ ነው የምትስቀው። "ወላሂ አንተ ጤነኛ አይደለህም፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ለአረንጓዴ ነው ድምፅ የላክልኝ?" ከዛ ድምጿ ዝቅ አለ፣ ሰው እንዳይሰማት መሰለኝ። እሷ ያለችበት ቤት ዋይፋይ ሲቋረጥ የሚጠሩት እሷን ነው አለችኝ። መጀመሪያ ራውተሩን አጥፍታ ስታበራ አይተዋት፣ ከዛ ልጆቹ ጌም ሲቆምባቸው እሷን፣ ማዳም ስብሰባ ሲኖርባት እሷን። ባለፈው ረመዳን ላይኛው ፎቅ የሚሄደው ኬብል ጫፏ ተሰብሮ ትልቁን ልጅ ክሪምፐር አስገዝታ ራሷ ነከሰችው። "ክፍል ውስጥ አንዴም ሳልይዘው እዚህ ያዝኩት" አለች። "ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር እንጂ ዜማውን አልረሳሁትም።"

ፎቶ ላኪልኝ አልኳት። ማታ ሁሉም ሲተኛ ላከችልኝ።

በሁለት ጣቴ አጉልቼ ከግራ ቆጠርኩ። 3ኛ ላይ ነጭ አረንጓዴ። 6ኛ ላይ አረንጓዴ። ኮኔክተሩን ይዞ የቆመው አውራ ጣቷ በረኪና የላጠው ነው።